ወደ ዳሎል የተዘረጋው አጭር ሐዲድ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው፣ ስሟም የማክሰኞን ዕለት በሚያስታውሰው በማክሰኝት የባቡር ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ለጎንደር አገር ገበያዎች ይቀርብ የነበረው አሞሌ ጨው የሚመነጭበት የአርሆ ምድር፣ በአንድ ወቅት ለባቡር ሐዲድ ተጎራብቶ ነበር። አሞሌው ከአፋር ቆላ በግመል ወጥቶ በመቀሌና በሰቆጣ በኩል በቅፍለት ይጓዝ ነበር። ከአርሆ በራቀ መጠን ዋጋው ስለሚጨምር፣ በአንድ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር በየገበያው ይለያያል፤ የመንገዱ ርዝመትና ድካም በራሱ በገንዘቡ ላይ ይነበብ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሐዲዱን ግን ያስወለደው ይህ ጥንታዊ ንግድ አይደለም። መነሻው በሩቅ አገር፣ በጀርመን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1914 በፊት ዓለም ለማዳበሪያ የሚፈልገው ፖታሽ ከሞላ ጎደል ይወጣ የነበረው በሽታስፉርትና በሌሎች የጀርመን ግዛት የማዕድን ጉድጓዶች ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ይህን ምንጭ ሲዘጋው ዋጋው አሻቀበ፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዳሎል ፖታሽም ተፈላጊ ሆነ።

በመሆኑም ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነሥቶ ወደ ኩሉሊ የሚያመራ ሐዲድ በ1917 መዘርጋት ተጀመረ። ዓመቱ የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባበት መሆኑ የሚያስገርም መገጣጠም ነው። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። የጅቡቲው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የምጽዋ-አሥመራው 950 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የዚህኛው 600 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ዓይነቱም ደኮቪል የሚባለው ሲሆን፣ ሐዲዱና ከሥሩ የሚጋደመው ብረት በፋብሪካ ተያይዘው በአጫጭር ቁራጭ ስለሚመጡ፣ ሠራተኞች ተሸክመው እንደ መሰላል ያነጥፉታል። በጦር ግንባር ለጥይትና ለስንቅ ማመላለሻ ያገለግል የነበረው ይኸው ዓይነት ነው፤ ለዳሎልም የዋለው የጦር ሠራዊት ዕቃ ነበር። እንዲህ ያለው ሐዲድ በፍጥነት ይዘረጋል፤ በዚያው ፍጥነትም ይነቀላል።

በሚያዝያ 1918 ሥራው ሲጠናቀቅ የሐዲዱ ጫፍ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ማዕድኑ በኢትዮጵያ፣ ጫፉ ደግሞ ጣሊያን በያዘችው በኤርትራ ምድር ነበር። ያም ሆኖ ከሐዲዱ መሠራት በኋላ የወጣው ፖታሽ 50,000 ቶን ያህል እንደ ደረሰ ይነገራል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ግን የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ምርትም ተጨመረበት። የዳሎሉ ሥራ ተቋረጠ። ከ1925 እስከ 1929 አንድ የጣሊያን ኩባንያ 25,000 ቶን ያህል አውጥቶ በዚሁ ሐዲድ ወደ መርሳ ፋጡማ ቢያጓጉዝም፣ ሥራው ዘላቂ አልሆነም። እዚህ ላይ የሐዲዱን ድክመት በጥበቱ ወይም በበረሃው ሙቀት ማመካኘት ቀላል ነው፤ ዳሎል በእርግጥም በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ነው። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ይመስላል። ሐዲዱ አንድ ጭነት ብቻ ነበረው፤ የዚያም ጭነት ዋጋ የሚወሰነው በአውሮፓ ነበር። ፊቱን ወደ ባሕር እንጂ ወደ ደጋው አላዞረምና፣ በአቅራቢያው ጨው ጭኖ ወደ መቀሌ ለሚወጣው ነጋዴ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አላሳጠረለትም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አስተዳደር ሐዲዱን አስነቅሎ ወሰደው። በዳሎል ጉብታ ላይ ከጨው ጡብ የተሠሩ ቤቶች ፍርስራሽና የዛገ ብረት ቀርተዋል። ሐዲዱ ከተነቀለም በኋላ የአርሆ ግመሎች ጨው ጭነው በብራህሌ በኩል ወደ ደጋው መውጣታቸውን አላቋረጡም።