ግዳይ ከመጣል ሥዕል ወደ ማንሣት፤ የዱር አዕዋፍና አራዊት ፎቶግራፍ ታሪክ

በአማርኛችን አዳኝ ግዳይ ይጥላል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ሥዕል ያነሣል። ቃላቱ ተቃራኒ ናቸው፤ ሰዎቹ ግን በመጀመሪያው ዘመን አንድ ሰው ነበሩ ለማለት ያስደፍራል። ጎሕ ሳይቀድ መነሣትን፣ የነፋሱን አቅጣጫ መመርመርን፣ ዱካ ተከትሎ አድፍጦ መጠበቅን ፎቶግራፍ አንሺው የተማረው ከአዳኙ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ሥራ ከአደን እንዴት እንደ ተለየና፣ በጥይት የወደቀ ሬሳ ብቻ ማስረጃ ይሆን በነበረበት ትምህርት ውስጥ ሥዕል እንዴት ቦታ እንዳገኘ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም በታወጀ ጊዜ ሥዕሉን ሊያስነሣ የመጣ ሰው እንኳ ሳይነቃነቅ ብዙ መቆየት ነበረበት፤ ወፍንማ ማን ይለምናታል? በ1851 የወጣው የእርጥብ መስተዋት ዘዴ ጊዜውን አሳጠረ፤ ነገር ግን መስተዋቱ ሳይደርቅ ተቀብቶ፣ ሥዕሉ ተነሥቶበት፣ በመድኃኒት ታጥቦ ማለቅ ስለ ነበረበት አንሺው ጨለማ ድንኳኑንና ጠርሙሶቹን አስጭኖ ይጓዝ ነበር። እንዲህ ያለ ጓዝ ይዞ ለሚዳቋ የሚያደፍጥ የለም። ነገሩ የተለወጠው ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 ያመለከተው የደረቅ መስተዋት ዘዴ ተሻሽሎ ለገበያ ከዋለ በኋላ ነው። በ1882 ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ የአዕዋፍን በረራ ለማጥናት በሴኮንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ሰደፍና አፈሙዝ ያለው፣ በትከሻ ተደግፎ የሚነጣጠር፣ ቃታው ሲሳብ የሚሠራ ነበር። ሳይንቲስቱ ጠመንጃውን የተወው በግብሩ እንጂ በቅርጹ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ልናተኩርባቸው የሚገቡት ግን ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉት የእንግሊዝ ወንድማማቾች ናቸው። የተወለዱት በዮርክሺር ገጠር ነው፤ የወፍ ጎጆ መፈለግንም የተማሩት በልጅነታቸው ነው። በ1892 ቼሪ እንቁላል ያለበትን የአንዲት ወፍ ጎጆ በነበረበት ቦታ አነሣ፤ በ1895 ደግሞ ስለ ብሪታንያ አዕዋፍ ጎጆዎች የጻፉት መጽሐፍ ወጣ። ሥዕሎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተፈጥሮ ቦታቸው የተነሡ ፎቶግራፎች ስለ ነበሩ በዓይነቱ የመጀመሪያ ይባላል። ጎጆና እንቁላል አይሸሹም፤ ችግሩ እናቲቱ ናት። ስለዚህ ወንድማማቾቹ በ1900 የበሬ ቆዳ በእንጨት ማገር ላይ አልብሰው፣ አንሺው ከነካሜራው በሆዱ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅበት ባዶ በሬ አሠሩ። ነገሩ ያስቃል፤ ሐሳቡ ግን ጥልቅ ነው። ወፍ የምትሸሸው የሰውን ቁመናና አካሄድ እንጂ በመስኩ የሚግጠውን ከብት አለመሆኑን፣ በላሞች እግር መካከል የሚመላለሱትን ነጫጭ ወፎች ያየ የአገራችን እረኛ ሁሉ ያውቃል። ኪርተኖች ይህን የእረኛ ዕውቀት ወደ ሥራ ዘዴ ለወጡት።

ማለዳ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት የፀሐይ መውጫ ውበት ብቻ አይደለም። በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ገና አልተነሣም፤ መስተዋቱ ብርሃን ለመቀበል ዘገምተኛ በነበረበት ዘመን ደግሞ የሣርና የቅጠል አለመነቃነቅ ትልቅ ነገር ነበር። ወፎቹም በዚያን ጊዜ ይዘምራሉ፣ ይመገባሉ። ችግሩ ብርሃኑ ደካማ መሆኑ ነው፤ ብርሃኑ እስኪበረታ የጠበቀ አራዊቱን ያጣል፤ ሳይጠብቅ ያነሣ ጥላ ይዞ ይመለሳል።

ይህን ማነቆ ለማምለጥ አንዳንዶች ብርሃን ይዘው ወደ ሌሊት ገቡ። በአሜሪካ ጆርጅ ሺራስ በሚሺጋን ግዛት በሚገኝ ሐይቅ ላይ ከኦጂብዌ ሕዝብ የአደን ዘዴ ተምሮ፣ በታንኳው ፊት ፋኖስ እያበራ፣ አጋዘኑ በብርሃኑ ፈዝዞ ሲቆም በሚንቦገቦግ ዱቄት ያነሣው ነበር። ሺራስ ጠመንጃውን በካሜራ የለወጠ አዳኝ ነው፤ በሐምሌ 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ሥዕሎቹን አትሞለታል። ጀርመናዊው ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ያነሣቸውን የሌሊት ሥዕሎች በ1905 ሲያሳትም የመጽሐፉ ስም ራሱ የብልጭታ መብራትንና ጠመንጃን ጎን ለጎን የጠራ ነበር። አንበሳውን ለማንሣት የቤት እንስሳ አስሮ ለአንበሳው ይሰጥ ነበር። በሥዕሉ ላይ ስንደነቅ የታሰረውን እንስሳ መዘንጋት አይገባንም። በ1909 ቼሪ ኪርተን በዚያው በምሥራቅ አፍሪካ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን በፊልም አነሣ፤ ሩዝቬልትና ልጁ ከርሚት በጉዞው የገደሏቸው እንስሳት ሩዝቬልት ራሱ እንደ መዘገበው 512 ናቸው። ይህም የተደረገው ለቤተ መዘክር፣ በሳይንስ ስም ነው።

ሥዕል በሬሳ ፈንታ ማስረጃ ሊሆን መቻሉን ከሚያሳዩት ሁሉ እኛ የምናስቀድመው የኤማ ተርነርን ሥራ ነው። ቢተርን የተባለችው የሸምበቆ ወፍ በብሪታንያ መራባቷን ካቆመች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። በ1911 ተርነር በኖርፎክ ረግረግ የቢተርን ጫጩት አግኝታ አነሣች፤ ወፊቱ ተመልሳ መራባቷ በዚህ ተረጋገጠ። እንደ አሮጌው ልማድ ቢሆን ማስረጃ ተብሎ የሚገደለው ይኸው ጫጩት በሆነ ነበር። በ2006 ደግሞ በሕንድ አሩናቻል ፕራዴሽ የተገኘች ቡጉን ሊዮሲክላ የተባለች አዲስ የወፍ ዝርያ፣ ቁጥሯ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ተይዛ ከተለቀቀች ወፍ በተገኙ ላባዎችና በፎቶግራፍ ብቻ ተገልጻ ስም ተሰጣት።

ይህን ወደ አገራችን ስናመጣ ልዩነቱ ይጎላል። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ ስም የሰየማቸው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከስሜን ቆዳና አጥንት ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ ነው። የደጋ አጋዘንም በ1908 አይቮር በክስተን ገድሎ በላከው መነሻ በ1910 በለንደን ተሰየመ፤ የስያሜውም ዝርያ ቃል የገዳዩን ስም እስከ ዛሬ ይዟል። የተራራው ሰዎች ከዚያ በፊት እንስሳውን በየቋንቋቸው ይጠሩት እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ የጎደለው ቆዳ ብቻ ነበር። ካሜራው ፈጥኖ ቢደርስ ኖሮ ሩፔል ቆዳውን ይተው ነበር ብለን አናምንም፤ የጥርስና የራስ ቅል ልክ ሥዕል አይሰጥም። ዛሬ ግን አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው ከ500 በታች ስለ ሆኑ ጥያቄው ስለ ስም ሳይሆን ስለ ቁጥር ነው፤ ለቁጥር ደግሞ ሥዕል ከቆዳ ይበልጣል።

ሥዕሉ ግን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ካልተጻፈበት ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም፤ የሚነሣውንም እንስሳ የሚያውክ ከሆነ ከአደን ብዙ አይርቅም። በብሪታንያ በ1981 የወጣው ሕግ በተለይ የሚጠበቁ አዕዋፍን ያለ ፈቃድ በጎጆአቸው ማወክን ወንጀል ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰዓቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የስሜንና የባሌ ማለዳ ያስረዳል። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ወዲያው ለግጦሽ ሳይሰማራ ፀሐይ እየሞቀና እርስ በርሱ ጠጉሩን እየፈተሸ ይቆያል። የባሌ ቀይ ቀበሮዎችም ሌሊት አብረው ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰባስበው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም ድንበራቸውን በአንድነት ይዞራሉ። በዚያች ጥቂት ጊዜ የተነሣ ሥዕል የመንጋውን ቁጥር ይሰጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የደረሰ ግን የሚያገኘው በፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ብቻውን ያደፈጠ አንድ ቀበሮ ነው።