«ፊደሉ ተበላሸ»፦ የአንድ የቢሮ ብልሽት አጭር ታሪክ

የታሪክ መምህር በኮምፒውተር ብልሽት ምን አገባው የምትሉ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። መልሴን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞት የተለየን የአንድ ባልደረባችን ቤተሰቦች አንድ ፍላሽ ሰጡኝ። ሟቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በየገጠሩ እየዞረ ከአረጋውያን የሰበሰባቸው ቃለ ምልልሶች ነበሩበት። ፋይሎቹ ከፍሎፒ ዲስክ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ሲሸጋገሩ የኖሩ ናቸው። ከፈትኳቸው። አማርኛ የለም፤ የላቲን ፊደላት፣ ነጠብጣብና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቀው ይታያሉ። አጠገቤ የነበረ ወጣት ባለሙያ «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት እናድርገው» አለኝ። እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር።

በየቢሮው «ፊደሉ ተበላሸ» ሲባል የምንሰማው ነገር በአብዛኛው ቫይረስ አይደለም። የራሱ ታሪክ ያለው ብልሽት ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል ሰዎች መስማማት አለባቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ የተባለው ስምምነት 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ በኋላ የተስፋፉት ሠንጠረዦች 256 ደረሱ። ለእንግሊዝኛ ከበቂ በላይ ነው። የእኛ ፊደል ግን በተለመደው ቆጠራ 33 ሆሄያት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ከገደቡ ያልፋል። ከ256ቱም ቦታዎች ከፊሎቹ ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ ለፊደል አይውሉም።

ችግሩ ለእኛ አዲስ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይጻፋል? ፊደል ይቀነስ፣ አይቀነስ የሚለው ክርክር ከመኪናው ጋር አብሮ የኖረውም ስለዚህ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት መፍትሔ አበጁ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ከፋፍለው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀመጡ። ሌሎቹ ፊደላቱን በሁለት ወይም በሦስት የፎንት ፋይሎች አከፋፈሉ፤ ስለዚህ አንዱ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ሆነ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉትን ስሞች በዚያ ዘመን በጸሐፊነት የሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። እነዚህን ሥራዎች ማቃለል አይገባም፤ ዘመኑ በፈቀደላቸው ልክ አማርኛን ከስክሪን ላይ ያወጡ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱ ሠንጠረዥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ፎንት ባለው ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

የጋራ ስምምነቱ የመጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩኒኮድ ሦስተኛ እትሙ 345 የኢትዮፒክ ምልክቶችን መዘገበ፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የማይለወጥ ቁጥር አገኘ። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለምኤን የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ብዙ ቢሮዎች ግን እጃቸው የለመደውን አልተዉም፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ብልሽቱን ከመልኩ ይለየዋል። ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ቁጥሩ አለ፤ የጎደለው ፎንት ነው። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። የላቲን ፊደላት ትርምስ ከታየ ጽሑፉ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳያስቀምጡ መዝጋት፣ ቅጂ መውሰድ፣ የፎንቱን ስም ማየት፣ ያንኑ ፎንት ፈልጎ መጫን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይገባል። በፊደላቱ ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ተደርድረው ከታዩ ግን ቁጥሩ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው። ፒዲኤፍም ያታልላል፤ ለዓይን ያማረ ሆኖ ሳለ ሲቀዱት ወይም ቃል ሲፈልጉበት ያው ትርምስ ሊወጣ ይችላል።

ወደ ሟቹ ባልደረባዬ ልመለስ። ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፎንቱን አግኝተን ጫንነው፤ አብዛኞቹ ቃለ ምልልሶች ተነበቡ። አራቱ ግን አልተነበቡም። ምክንያቱን ሳጣራ ራሴን አገኘሁት። ከዓመታት በፊት ፋይሎቹ ለመክፈት ሲያስቸግሩት እኔን አማክሮኝ ነበር፤ እኔም «ለጥንቃቄ» ብዬ አራቱን ያለ ምንም ቅርጽ በተራ ጽሑፍ መልክ አስቀምጬ ዋናዎቹን አጥፍቼያቸው ነበር። ተራ ጽሑፍ የፎንት ስም አይዝም። የትኛው ቁጥር የትኛው ፎንት እንደነበረ የሚነግረን ስለጠፋ አንዱ ምልክት ሁለት ሦስት ፊደል ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን ቃል ከዐውዱ ገምተናል፤ የሰዎችና የቦታዎች ስሞች ግን በግምት አይመለሱም። ተናጋሪዎቹም ዛሬ በሕይወት የሉም። አዳንኩ ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምነግራችሁ ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። የብራና ተመራማሪ ጽሑፉን ከመተርጎሙ በፊት የጸሐፊውን እጅ፣ ቀለሙንና የገጹን ሁኔታ ይመረምራል፤ ያልገባውንም አይፍቅም። የኮምፒውተር ፋይልም እንዲሁ ሰነድ ነው፤ ፎንቱ የጸሐፊው እጅ ነው። ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ የወረስናቸው ቃለ ጉባኤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና ቃለ ምልልሶች በየመሳቢያው አሉ። ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ በምን እንደጻፏቸው ጠይቁ፤ መልሱን ከፋይሉ ጋር መዝግቡ፤ የለወጣችሁትን ከዋናው ጋር አስተያዩ። ዋናውን ፈጽሞ አታጥፉ።

«ፊደሉ ተበላሸ» የሚላችሁ ሰው ሲመጣም፣ ፊደሉ ሳይሆን ስምምነቱ ጠፍቶ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ስምምነት ተፈልጎ ይገኛል፤ የተደመሰሰ ቁጥር ግን አይመለስም።