ጎርፉን ከኛ በላይ የሚያውቁት ሰዎች

ፑኝዶ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የስደተኞች መጠለያው ነው። ከመጠለያው በፊት ግን ጊሎ ወንዝ ነበረ። ጊሎ የሚነሳው ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ደጋ ነው። ስለዚህ ፑኝዶ ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

የአኙዋ ገበሬ ይህን ጠባይ አጥንቶ ነው የኖረው። በክረምት ከፍ ባለው መሬት ማሽላና በቆሎ ያመርታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ወንዙ ትቶት በሄደው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል። ኑዌሩም ከብቱን በበጋ ወደ ወንዝ ዳር ያወርዳል፣ በክረምት ወደ ከፍታው ይመልሳል። ለነዚህ ሰዎች ጎርፍ ወቅት ያለው እንግዳ ነው፦ ሲመጣ ቦታ ይለቀቅለታል፣ ሲሄድ ስንቅ ትቶ ይሄዳል።

ከውጭ የመጡትም ይህን መማር ነበረባቸው። በግንቦት 1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል ለንግድ ጣቢያ የጠቀሰው የኢታንግን አካባቢ ነበር። ጣቢያው የቆመው ግን ከኢታንግ በላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ኢታንግ ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ባሮ የሚያጥለቀልቃት ወረዳ ናት። ያው ሙላት ግን መርከብ ያመጣ ነበር፤ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ትምህርቱ ተረሳ። በ2006 ዓ.ም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ላሬ ወረዳ፣ ሌችዎር በተባለው ሜዳ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ክረምቱ ገባ፣ መጠለያው በውሃ ተዋጠ። ኒፕኒፕም እንዲሁ። በ2007 ዓ.ም ጀዊ ላይ አዲስ መጠለያ ተከፍቶ ሰፋሪዎቹ ተዛወሩ። አንድ ጊዜ ከጦርነት የሸሸ ሰው ሁለተኛ ከቦታ ምርጫ ሸሸ ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የመንደር ማሰባሰብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስነሳ። መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ ጉድጓድ ለማዳረስ ነው አለ። ተቺዎቹ ገበሬው የወንዝ ዳር ማሳውን አጣ አሉ። በኔ እይታ ሁለቱ አይጣሉም። ቤቱ ከፍታ ላይ፣ ማሳው ወንዝ ዳር መሆን ይችላል፤ አኙዋው በክረምትና በበጋ ሲያደርገው የኖረው ይህንኑ ነው። ችግሩ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መንሳት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ማንም ቤት ወይም መጠለያ ከመትከሉ በፊት ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ የመንደሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ከደጋ ይምጣ። ሚዛን ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ለፑኝዶ አንድ ስልክ መደወል እህሉን ቆጥ ላይ ለመስቀል፣ ልጆችንና ከብቱን ለማውጣት ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ከጎርፍ በኋላ የሚመጣው እርዳታ ዱቄትና ሸራ ብቻ አይሁን። የተበከለው ጉድጓድ ይታከም፣ አጎበር ይከፋፈል፣ ከሁሉም በላይ ዘር በጊዜው ይድረስ። ደለሉ ገና እርጥብ ሳለ ያልደረሰ ዘር ለዚያ ዓመት አልደረሰም።

ጊሎ በየዓመቱ ይሞላል፤ ይህን መቀየር አንችልም። ቦታ የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ከቢሮ ሆኖ ካርታ ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው ባለሥልጣን፣ መጀመሪያ ወንዝ ዳር የኖረውን ሰው ይስማ።