«እርምጃ» ወደ ቤት ሲገባ

የመግለጫ ቋንቋ ከቅኔ ጋር ዝምድና አለው ብል የሚቆጣኝ አንባቢ አይጠፋም። ሁለቱም ግን አንዱን ነገር በሌላው ሸፍነው ይናገራሉ። ልዩነታቸው ባለቅኔው ወርቁ እንዲገኝለት ሲመኝ፣ መግለጫ ጸሐፊው ሰሙ ላይ እንድንቀር መፈለጉ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሰሙን ሳይከራከር ይቀበልና ቤቱ ወስዶ ይስቅበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ «እርምጃ» የሚለው ቃል ታሪክ ነው። እግርን አንሥቶ ከማሳረፍ በቀር ጥፋት ያልነበረበት ቃል! ደርግ ለውጡ ያለ ደም መምጣቱን ሲያውጅ ከርሞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ያሉባቸው 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ለሕዝብ የተነገረው ግን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» መሰጠቱ ነበር። ከዚያ «አብዮታዊ እርምጃ» መጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ «ነጻ እርምጃ»። ነጻ የወጣው ማን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም፤ መሣሪያ የያዘው ከዳኛ፣ ከክስና ከምስክር ነጻ ወጣ። አስከሬን ሊወስዱ የመጡ ቤተሰቦች ገንዘብ ሲጠየቁ ግን ክፍያው ያለ ምንም ማሽሞንሞን «የጥይት ዋጋ» ተባለ። መቀበል ሲሆን ቋንቋው ጥርት ይላል፤ ይህን በሙያዬ እመሰክራለሁ።

ይኸው ቃል ነው እንግዲህ ወጥ ቤት የገባው። የእኔ ትውልድ ነፍስ ያወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ቢሆንም፣ «አብዮታዊ እርምጃ ሳልወስድብህ ተነሥ!» እየተባለ ነው ያደገው። እርምጃው የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበረ። ድመት ሥጋ ስትሰርቅ እርምጃ ወሰደች፣ የተረፈ ዶሮ ወጥ ሲያልቅ «በድስቱ ላይ እርምጃ ተወስዷል» ይባላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አክስቴ ብቻ አትስቅም ነበር። ቆጣም አትል፤ ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ትገባለች። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ዘመን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሳቁ ቃሉን አለዘበው ወይስ ሕመሙን ሸሸገው? ዛሬም መልስ የለኝም፤ በዜና «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ግን የስኒዎቹ ድምፅ ይሰማኛል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ቃላት ለቀልድ የተመቹ ናቸው። ባል አምሽቶ ሲገባ «ግምገማ» ይጠብቀዋል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «የልማት ተነሺ» ነው። ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ በፈቃዱ የሄደ ይመስላል። ፍቅረኛው ሌላ ያገባችበት አንድ ወዳጄ «በመልሶ ማልማት ምክንያት ተነሥቻለሁ፤ ካሣና ምትክ ቦታ እየጠበቅሁ ነው» ብሎናል።

እኔ የምኖርበት የባንክ መስኮት ደግሞ «ማስተካከያ» አለው። በ1985 ዓ.ም. 2.07 ብር የነበረው አንድ ዶላር 5 ብር ሲገባ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲቀንስ፣ የተስተካከለ እንጂ የረከሰ ነገር አልነበረም። ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ይህን ሳይማር አልቀረም፤ ዳቦው ሲያንስ «መጠነኛ ማስተካከያ ነው» ይላል ሻጩ፣ ፈገግ ብሎ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ቃሉ «ማሻሻያ» ሆነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ጡረታቸውን ሊያወጡ የመጡ አንድ አባት መድኃኒታቸው ለምን በአንድ ጊዜ እንደተወደደ ጠየቁኝ።

«የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ተደርጎ ነው፣ አባቴ።»

ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

«ተሻለው?» አሉኝ፣ ስለ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።