መንገዳችንና የጎንደር ፍርስራሽ

በፔሩ ጎብኚዎች የኢንካዎችን የድሮ መንገድ ይዘው፣ በመንገድ መሪ ታጅበው፣ ተራራ ለተራራ አራት ቀን ይጓዛሉ። መጨረሻቸው ማቹ ፒቹ የሚባለው ፍርስራሽ ነው። እኛም በሀዋታ የምንነግድ ሰዎች እንዲህ ያለ መንገድ አለን፤ የምናውቀው ግን በኬላውና በቀረጡ ብቻ ነው።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ ሲራራ ነጋዴው ከደጋው በጭልጋ ወርዶ፣ መተማን አልፎ እስከ ስናር ይዘልቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አፄ ኢያሱን ሊያክም በ1691 ዓ.ም. በስናር በኩል ጎንደር ገባ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወርዶ፣ ይህንኑ የእኛን የራሃድ ወንዝ ተሻግሮ ስናር ደረሰ።

መንገድ ግን የሚያልፍበትን አይመርጥም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከዚህ ወገን ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም ዛሬ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ስንቱ ልጁን አዝሎ በዚሁ መንገድ ወደ መተማ ሸሸ። ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ይህን መንገድ በሽሽት ብቻ እንዳያውቁት እሰጋለሁ። ሰላም ሲወርድ ዕቃ ብቻ አንጫንበት፤ እነሱንም ይዘን ቁስቋም ድረስ እንውጣ፣ የአያቶቻቸው የንግድ መንገድ መሆኑንም እዚያው ቆመን እንንገራቸው።