ከዋተርሉ ሜዳ የተነሡት 40,000 ወታደሮች

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ አንድ ክፍል የሚሞላ የጦር ሜዳ አለ። ኮረብታው፣ ማሳው፣ መንገዱና የገበሬዎቹ ቤት ሁሉ መጠኑ ተቀንሶ በልኩ ተሠርቷል። በላዩ ላይ ቁመታቸው አንድ ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ ቀለም የተቀቡ 75,000 ገደማ ወታደሮች ተሰልፈዋል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1815፣ ሰዓቱ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ ቦታው ዋተርሉ ነው። ናፖሊዮን የክብር ዘበኞቹን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፊት ያዘመተበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ከዚህ ሜዳ ግን የጎደሉ አሉ። ሠሪው መጀመሪያ ቦታ ከሰጣቸው የፕሩሲያ ወታደሮች መካከል 40,000 የሚሆኑት ኋላ ላይ ተነሥተዋል። ጥይት አልነካቸውም። የተነሡት በደብዳቤ ልውውጥና በክርክር ነው።

ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ትንንሽ ወታደሮችን ለሚሰበስብ ሰው ብቻ አይደለም። ጦርነትን ማን ይተርካል፣ ከትረካውስ ማን ይወጣል ብሎ ለሚከራከር ሁሉ ይጠቅማል። በየዓመቱ የካቲት በመጣ ቁጥር ዓድዋ ላይ ማን ነበር፣ ማን አልነበረም በሚል ሙግት ለሚጠመድ አገር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

የዋተርሉን ሜዳ የሠራው ዊልያም ሳይቦርን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። ራሱ ዋተርሉ ላይ አልተዋጋም። እ.ኤ.አ. በ1830 የጦሩ ዋና አዛዥ ሎርድ ሂል ውጊያውን በትንሹ ቀርጾ እንዲያሳይ አዘዘው። ሳይቦርን ዛሬ ቤልጅየም ወደምትባለው አገር ሄዶ፣ በውጊያው ቀን ብዙ ደም በፈሰሰበት ላ ኤ ሴንት በተባለ የእርሻ ቤት ውስጥ ስምንት ወር ተቀመጠ። መሬቱንም እየዞረ ለካ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። በሕይወት ላሉት የዋተርሉ መኮንኖች የጥያቄ ደብዳቤ በተነ። በዚያች ሰዓት ክፍላቸው የት ቆሞ እንደነበር፣ ከፊታቸው የነበረው የጠላት ጦር እንዴት እንደተሰለፈ፣ ማሳው ላይ ምን እህል እንደነበረ ሳይቀር ጠየቃቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ መልሶች መጡለት። እስከዚያ ድረስ የአንድ ውጊያ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከአዛዡ ሪፖርት ተነሥቶ ነበር። ሳይቦርን ግን እያንዳንዱን ወታደር ከማቆሙ በፊት እዚያ የነበረውን ሰው ጠየቀ።

ችግሩም ከዚሁ ጀመረ። በዋተርሉ የእንግሊዝንና የተባባሪዎቿን ጦር የመራው የዌሊንግተን መስፍን ነበር። መስፍኑ በውጊያው ማግስት በጻፈው ዘገባ ፕሩሲያውያን ላደረጉለት እርዳታ ምስጋና አቅርቧል። ያም ሆኖ ዋተርሉ በእንግሊዞች ልብ የተቀመጠው ከሁሉ በፊት የዌሊንግተን ድል ሆኖ ነው። ሳይቦርን ከፕሩሲያ በኩል ያገኘው መረጃ ደግሞ በዚያች ሰዓት የፕሩሲያ ጦር በብዛት ሜዳው ውስጥ ገብቶ የናፖሊዮንን ቀኝ ክንፍ እየወጋ እንደነበር የሚያሳይ ነበር። ሳይቦርንም እንደ መረጃው አሰለፋቸው። ሜዳውን ከላይ የሚያይ ሰው ማስረጃ ሳያሻው ይረዳዋል፤ ናፖሊዮን ከሁለት ወገን ተይዟል።

ነገሩ በመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ቃል መርጦ ማለዘብ ይቻል ነበር። «እርዳታቸው ጠቃሚ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ግን ወታደሩ ወይ ቆሟል፣ ወይ የለም።

ከዌሊንግተን ዙሪያ ቅሬታ መሰማቱ አልቀረም። የመስፍኑ የቅርብ ሰው የነበረው ሎርድ ፊትዝሮይ ሶመርሴት ከሳይቦርን ጋር በጉዳዩ ላይ ተጻጻፈ። የመንግሥት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1833 ተቋርጦ ስለነበር ሳይቦርን ሥራውን የጨረሰው በራሱ ኪስና በብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሜዳው ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሲከፈት ተመልካቹ በብዛት ጎረፈ፤ ሠሪውን ግን ከዕዳ አላወጣውም። በመጨረሻም የፕሩሲያ ወታደሮቹን አነሣ። ይህን ያደረገው ጫና በርትቶበት ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። አዲስ ማስረጃ አሳምኖት ነው የሚሉም አሉ። ሳይቦርን እ.ኤ.አ. በ1849 ሞተ፤ ክርክሩ ግን አላበቃም።

ወታደርን በትንሹ መሥራት ከሳይቦርንም ከአውሮፓም በፊት የነበረ ነገር ነው። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት በግብጽ የአስዩት ገዥ የነበረው መሰህቲ ሲቀበር፣ ከእንጨት ተቀርጸው ቀለም የተቀቡ ሁለት የወታደር ጓዶች አብረውት ተቀብረዋል። በአንዱ ጓድ ጦርና ጋሻ የያዙ 40 ግብጻውያን አሉ። በሌላው ቀስት የያዙ 40 ኑቢያውያን አሉ። ሁሉም እግራቸውን አንሥተው ይራመዳሉ። ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ እንደ እውነተኛ ሰልፍ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1894 ተገኝተው ካይሮ ሙዚየም ገብተዋል። ለግብጽ ገዥ የተሠሩ ቢሆኑም ከደቡብ የመጡት ቀስተኞች በቁጥር እኩል ቦታ አግኝተዋል። ኑቢያውያን በግብጽ ጦር ውስጥ ማገልገላቸውን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ እነዚህ 40 እንጨቶች ይናገራሉ።

የዘመናችን ስብስብ መነሻ ግን ጀርመን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኑረምበርግ ውስጥ ሂልፐርት የተባሉ የቆርቆሮ ሠራተኞች ጠፍጣፋ ወታደሮችን እያፈሰሱ መሸጥ ጀመሩ። ታላቁ ፍሬድሪክ በፈረሱ ላይ ሆኖ ከሠሯቸው ምስሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በዚያው ከተማ ሥራ የጀመረው ኤርንስት ሃይንሪክሰን 30 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን መጠን አስለመደ። መጠኑ አንድ ሲሆን ከተለያየ ቤት የተገዙ ወታደሮችን በአንድ ሜዳ ማሰለፍ ተቻለ። ሰብሳቢ የሚባል ሰው የተፈጠረው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ ለንደን ውስጥ ዊልያም ብሪተን ሌላ ዘዴ አመጣ። የቀለጠ እርሳስ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይፈስሳል፤ ጠርዙ እንደ ረጋ መሀሉ ያለው ፈሳሽ ተመልሶ ይደፋል። የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር ነው። እርሳሱ ስለቀነሰ ዋጋውም ቀነሰ፤ ድፍኑን የጀርመን ወታደር ከገበያ ገፋው። ቀለሙን በአብዛኛው የሚቀቡት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሥራውን ቤታቸው ወስደው በቁጥር እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር። ዛሬ በውድ ዋጋ በጨረታ የሚሸጡት ወታደሮች ፊት ላይ ያለው ቅንድብና ጢም የእነዚያ ስማቸው ያልተመዘገበ ሴቶች እጅ ሥራ ነው። እርሳሱ ለልጆች መርዝ መሆኑ ሲታወቅና ሕጉ ሲጠብቅ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ቦታውን ለፕላስቲክ ለቀቀ።

ዛሬ ወታደር ሰብስቦ በእጁ የሚቀባ ሰው ከቀለሙ በፊት የሚያነበው ይበዛል። የአንድ ዘመን ጦር በአንገትጌና በእጅጌ ቀለም፣ በቁልፍና በቆብ ይለያል። የአንገትጌው ቀለም ከተሳሳተ ወታደሩ የሌላ ክፍለ ጦር ወታደር ሆነ ማለት ነው። ደንቡ የሚያዘው ልብስና ወታደሩ በዘመቻ ላይ የለበሰውም አንድ አይደሉም። ከሦስት ወር ጉዞ በኋላ ቀዩ ኮት ደብዝዟል፣ ጫማው ተቀድዷል፣ ሱሪው በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ጠንቃቃ ሰብሳቢ አቧራውን ሳይቀር ይቀባል። ማስረጃው ሲለወጥም ቀለሙን አጥቦ እንደገና ይጀምራል። ታሪክ ነን በሚሉ ብዙ መጻሕፍት ውስጥ የማይገኝ ልማድ ነው።

ሆኖም ጠንቃቃ ሰብሳቢም ቢሆን የሚገዛው የተሠራለትን ነው። ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ የአገሩን ዓይን ይዞ ነው የሚያየው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረችበት ጊዜ ነው። ጦርነቱ በየጋዜጣው ፊት ገጽ ላይ ነበርና የብሪተን ፋብሪካ ወዲያው ወታደሮቹን አወጣ። በአንድ ሳጥን የጣሊያን እግረኛ፣ በሌላው የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ፣ በሦስተኛው ደግሞ «የአቢሲኒያ ጎሳ ተዋጊዎች»። የጀርመን ፋብሪካዎችም ከመጋዝ ብናኝና ከሙጫ በሚሠሩት ቅርጽ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎችን ለገበያ አቅርበዋል። የለንደን ልጅ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ያን ጦርነት ሊዋጋ ይችል ነበር።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ወታደር በሳጥኑ ላይ የክፍለ ጦሩ ስም አለው። የጣሊያኑ እግረኛ ይባላል። ነጭ ሸማ ለብሶ ጠመንጃ ያነገበው ኢትዮጵያዊ ግን ጎሳ ተባለ። ክተት ታውጆ የዘመተው ያ ጦር ሥርዓት ነበረው። ማዕረጎቹ ራሳቸው የሰልፍ ካርታ ናቸው፦ ፊታውራሪ የፊቱ፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው። እነዚህን ሦስት ስሞች የሚያውቅ ሰው ያለ ሌላ መመሪያ ወታደሮቹን ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ ይችላል። የሳጥኑ ጽሑፍ ያን ሥርዓት በአንድ ቃል አጠፋው።

በየትኛውም ሳጥን ውስጥ ያልተገኘ ነገር ደግሞ አለ፤ የመርዝ ጋዙ። ጣሊያን በዚያ ጦርነት ጋዝ ከአውሮፕላን አርከፍክፋለች። ቆዳው የተላጠ ገበሬ፣ ዓይኑ የጠፋ ልጅ፣ ከብቶቹ ያለቁበት ወንዝ ዳር ግን ለጨዋታ አይመችም። መጫወቻ ሆኖ የማይሸጥ ነገር ከመደርደሪያው ይቀራል፤ ከመደርደሪያው የቀረ ነገር ደግሞ ከትዝታ ለመውጣት ቅርብ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 በትንንሽ ወታደሮች ስለሚደረግ ጨዋታ «ሊትል ዋርስ» የተባለ መጽሐፍ ሲያሳትም ይህ ገብቶት ነበር። ጨዋታውን የወደደው እውነተኛውን ጦርነት ስለሚጠላ ነው። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች በበኩላቸው የራሳቸውን ጦር የሚያሰልፉት በእርሳስ ሳይሆን በሸራ ላይ ነበር። በተለመደው የዓድዋ ሥዕል ላይ ኢትዮጵያውያኑ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዓይን ይታያሉ። ጣሊያኖቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ናቸው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ አለ። ዐፄ ምኒልክ በጥላቸው ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም በሰልፉ ውስጥ ቦታቸው የታወቀ ነው። ይህም የራሱ ሕግ ያለው አሰላለፍ ነው፤ ሠዓሊው ወገኑን መርጧል፣ መምረጡንም አልደበቀም። እንደዚያም ሆኖ ውኃ ያቀበሉት፣ ስንቅ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ ያነሡት አብዛኞቹ ስም የላቸውም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅም ማን ጎላ፣ ማን ደበዘዘ የሚል ክርክር ተነሥቷል። ሐውልትም ሆነ ሥዕል ወይም መደርደሪያ ሁሉም ቦታው ውስን ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይጠብባል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሁሉንም ማሰለፍ አይቻልም። የተወሰኑትን አንሥቶ መካድ ደግሞ ነውር ነው። መልሱ ያለው ሳይቦርን ትቶት በሄደው ሌላ ነገር ውስጥ ነው። ደብዳቤዎቹን አልጣለም። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1891 ከፊሎቹን በመጽሐፍ አሳተማቸው። ዋናዎቹ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የፕሩሲያ ወታደሮች ጉዳይ እንደገና የተከፈተው እነዚያ ደብዳቤዎች ስለነበሩ ነው። ከጠረጴዛው ላይ 40,000 ወታደር ማንሣት የቻለ ክርክር ምስክሮቹን ማንሣት አልቻለም።

የዓድዋ ዘማቾች ሁሉ አልፈዋል። ከአምስቱ ዓመት አርበኞች የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑ ነው። የኦጋዴን፣ የሰሜን፣ የባድመ ጦርነት ዘማቾች ግን ዛሬም በየመንደሩ፣ በየጠላ ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ተቀምጠው ይገኛሉ። ከሁለቱም ወገን የተዋጉ አሉባቸው። የት ቆመው እንደነበር፣ ከፊታቸው ማን እንደነበር፣ ማሳው ላይ ምን እህል እንደነበረ ያስታውሳሉ። ሐውልቱን ማን ይቁምበት የሚለው ክርክር ለልጅ ልጅ ሊቆይ ይችላል። እነሱን መጠየቅ ግን አይቆይም።