የተዋጠው አጥንት ወዴት ሄደ? ከአዝ-ዘህራዊ የሕክምና ቅርስ

አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁሏህ) በቁርጡባ አጠገብ በምትገኘው በመዲነቱ-ዘህራእ የኖሩ የአንደሉስ ሐኪም ሲሆኑ፣ በ404 ዓመተ ሂጅራ (1013 እ.ኤ.አ.) ገደማ አርፈዋል። «አት-ተስሪፍ» የተሰኘው ኪታባቸው 30 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ያትታል። ክፍሉ በ12ኛው ምዕተ ዓመት በቶሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ለዘመናት ተምሮበታል። እኛ እዚህ የምንመረምረው ከዚሁ ክፍል አንዲት ጥቂት የተወሳችን ጉዳይ ነው፤ እርሷም ተውጦ ከዐይን የተሰወረን ባዕድ ነገር እንዴት ይከታተሉት እንደነበር ነው።

አዝ-ዘህራዊ በጉሮሮ ስለሚሰነቀር አጥንት ሲጽፉ ማየትን ያስቀድማሉ፤ ምላስ በፀሐይ ብርሃን ፊት በመሣሪያ ተጭኖ የሚታየው ይወጣል። ለማይታየው ማስመለስን፣ ደረቅ ዳቦ መዋጥን፣ በክር የታሰረ ስፖንጅ አስውጦ መሳብን ይጠቅሳሉ። ጫፉ የታጠፈ የእርሳስ መሣሪያ ሲገባም አጥንቱ የተሰነቀረበትን ቦታ የሚያውቀው ሕመምተኛው ስለሆነ በገዛ እጁ ቢያስገባው ይመርጣሉ። የሕመምተኛው ቃል በእርሳቸው ዘንድ ማስረጃ ነበር።

የምርመራ አካሄዳቸው የሚጎላው ግን ስለ አንዲት ሴት በተረኩት ነው። ጽንሷ በማሕፀን ሞቶ ሳይወጣ ቆየ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ እምብርቷ አብጦ መግል ያዘ፤ ከቁስሉም አጥንት ወጣ። ሆድ አጥንት የሌለበት ስፍራ በመሆኑ ተገረሙ፤ አስበውም የጽንሱ አጥንት መሆኑን ደረሱበት፣ ብዙዎቹንም አወጡ። ነገሩ የተዋጠ ባይሆንም መርሑ አንድ ነው፦ ባዕድ ነገር ከገባበት ርቆ ሊገኝ ይችላል፤ ሐኪሙም ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልገዋል።

የዛሬው ሕክምና ይህን ያጸናል። ከሚዋጡት ነገሮች አብዛኞቹ በራሳቸው ይወጣሉ፤ የዓሣ አጥንት ግን የጨጓራን ወይም የአንጀትን ግድግዳ በስቶ እስከ ጉበት ሊዘልቅና መግል ሊያስቋጥር ይችላል። ትኩሳቱና የሆድ ሕመሙ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲመጣ ሕመምተኛው መዋጡን ረስቶታል። ብረት በራጅ ይታያል፤ የዓሣ አጥንት ግን በራጅ ሊሰወር ስለሚችል በሲቲ ስካን ይፈለጋል። ጨጓራ ውስጥ ያለው በኢንዶስኮፕ ይወጣል፤ በስቶ ያለፈው ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ዳቦ ማስዋጥና ማስመለስ ግን ዛሬ አይመከሩም፤ ሹሉን ነገር ይበልጥ ሊያስገቡት ይችላሉና። ሊቁን ማክበር በዘመናቸው የነበረውን ሁሉ መድገም አይደለም።

ጉዳዩ መድረሳዎቻችንን ይነካል። ሒጃብ ሲያስተካክሉ ስፒል በከንፈር መያዝ የተለመደ ነው፤ በሳቅ ወይም በንግግር መካከል ስፒሉ ወደ ጨጓራ ወይም ወደ ሳንባ ይገባል። የቱርክና የግብፅ ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። እንግዲህ ኡስታዙ ልጅቱን ቢቆጣት ትደብቃለች፤ የተደበቀው ስፒል ግን መንገዱን ይቀጥላል። ምን እንደ ዋጠችና መቼ እንደ ዋጠች በእርጋታ ይጠይቅ፣ ይመዝግብ፣ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ያድርሳት። ዕለቱ የረመዳን ቢሆንም ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ በቁርኣን የጸና ነውና ጾም ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዐበይት ዓላማዎች አንዱ መሆኑን የምናስተምር እኛ፣ በዚህች ትንሽ ስፒል ላይም ልናስተምረው ይገባል።